የእንጀራ ሥራና የልብ ሥራ፦ ሁለቱን አብሮ የማስኬጃ መመሪያ

ደመወዝ የምታገኙት ከአንድ ቦታ ነው፤ ልባችሁ ያለው ሌላ ቦታ። መጻፍ፣ መሣል፣ የራስን ድርጅት መክፈት፣ መተግበሪያ መሥራት፣ ምርምር፣ ምንም ይሁን። ማታ ደክማችሁ ትገባላችሁ። «ነገ እጀምራለሁ» ትላላችሁ። ነገ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ጉዳይ የሚሰማው ምክር ሁለት ጫፍ የያዘ ነው። አንዱ «ሥራህን ልቀቅ፣ ሕልምህን ተከተል» ይላል። ሌላው «ሕልም ሆድ አይሞላም፣ ደመወዝህን አጥብቀህ ያዝ» ይላል። ለተናጋሪው ሁለቱም አይከብዱም፤ ኪራይ የሚከፍለው ሰሚው ነው። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሕልማችሁ ገና ሕፃን ሳለ የቤት ኪራይ ክፈል አትበሉት። ራሱን እስኪችል ድረስ የእንጀራ ሥራው ያሳድገው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ነው።

ደረጃ 1፦ ሕልሙ ምን እንደሚያሠራ ጻፉ

ወረቀት አውጡ። «ደራሲ መሆን»፣ «ነጋዴ መሆን» ብላችሁ አትጻፉ። ያ ሕልም ቢሳካ ተራ በሆነ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠሩ እንደምትውሉ ጻፉ። ደራሲ ከሆናችሁ ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ያንኑ ገጽ ለአምስተኛ ጊዜ ታርማላችሁ። ድርጅት ከከፈታችሁ ደንበኛ ታባብላላችሁ፣ ሒሳብ ታወራርዳላችሁ፣ የቀረ ሠራተኛ ትተካላችሁ። ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ ከማንሳት ይልቅ በመምረጥና በማስተካከል ብዙ ሰዓት ታጠፋላችሁ።

ይህን ዝርዝር አንብባችሁ አሁንም ከፈለጋችሁት ቀጥሉ። የተወደደው ስሙና ጭብጨባው ብቻ ከሆነ ግን አሁን ማወቁ ብዙ ዓመት ያተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ሰው ደመወዝ የሚከፍለውን ሥራ መውደድ አለበት የሚል ሕግ የለም። ኤሚ ርዜስኒየቭስኪ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ሥራቸውን በሦስት ዓይን እንደሚያዩ አሳይታለች፦ እንደ ገቢ ምንጭ፣ እንደ እድገት መሰላል፣ ወይም እንደ ጥሪ። ደስ የሚለው፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንኳ በሦስቱም ዓይን ተከፋፍለው ተገኝተዋል። ሥራችሁን እንደ ገቢ ምንጭ ብቻ አይታችሁ ጥሪያችሁን ከሥራ ሰዓት ውጭ ብትፈጽሙት ምንም ነውር የለውም።

ደረጃ 2፦ የኑሮ ወለላችሁን እወቁ

የኑሮ ወለል የምለው፣ ኑሮ ሳይናጋ አንድ ወር የሚያሳልፋችሁን አነስተኛ ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው ገቢውን በትክክል ይነግራችኋል፤ ወጪውን ግን በግምት። ስለዚህ ለሦስት ወር የምታወጡትን ሁሉ መዝግቡ። ስልክ ላይም ሆነ ደብተር ላይ፣ የሚቀላችሁ ይሁን። ከዚያ በሁለት ክፈሉት፦ ባይከፈል ቤት የሚያናጋ፣ እና ለጥቂት ወራት ቢቀር የሚያስችል።

በዓመት አንዴ የሚመጡ ወጪዎችን አትርሱ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጥገና፣ ሕክምና፣ ለቤተሰብ የሚላክ። ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና ወርሃዊው ላይ ጨምሩት። ብዙ እቅድ የሚፈርሰው በእነዚህ ነው።

አሁን ወለላችሁ በቁጥር ተገኘ። ይህ ቁጥር ኋላ ሥራ ስለመልቀቅ ስታስቡ ዳኛችሁ ይሆናል። እስከዚያው ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖር የመጠባበቂያ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ፤ ወለድ የሚበላችሁ ዕዳ ካለ ቅድሚያ ስጡት። ሁለተኛ፣ ደመወዝ ሲጨመር ኑሮውን አብራችሁ አታሳድጉ። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ከወንበራችሁ መነሳት እየከበደ ይሄዳል። ደህና ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ሕልሙን ሲተው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድፍረት ማጣት ሳይሆን የመኪና ብድር ነው።

ደረጃ 3፦ የእንጀራ ሥራችሁን መዝኑት

ሥራ የሚመዘነው በደመወዙ ብቻ አይደለም። ምን ወስዶ ምን እንደሚያስቀርላችሁ ነው ቁም ነገሩ።

ቀላል ስሌት አለ። በእጅ ከሚገባው ደመወዝ ላይ ሥራው ራሱ የሚያስወጣችሁን ቀንሱ፤ ትራንስፖርት፣ ልብስ፣ ውጭ መብላት። የቀረውን ሥራው በሚወስደው ሰዓት ሁሉ አካፍሉት፤ መንገዱንም፣ ቤት ይዛችሁ የምትገቡትንም ጭምር። እንበልና አንዱ ሥራ በሳምንት 100 ይከፍላል፤ ግን 40 ሰዓት ቢሮ፣ 10 ሰዓት መንገድ፣ 10 ሰዓት ደግሞ ማታ ማታ ኢሜይል ነው። ሌላው 80 ይከፍላል፤ መንገዱን ጨምሮ 40 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው በሰዓት 1.67 ሲመጣ ሁለተኛው 2 ይሆናል። በዚያ ላይ ሁለተኛው በየሳምንቱ 20 ሰዓት ይመልስላችኋል። ወለላችሁ በ80 የሚሸፈን ከሆነ የትኛው ይሻላል? መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው።

ከሰዓቱ ሌላ የሚደክመው የትኛው ክፍላችሁ እንደሆነ እዩ። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ሲያርም የዋለ ሰው ማታ ልብ ወለድ ለመጻፍ ይቸገራል። ቀኑን በእጁ ሲሠራ የዋለ ግን ጭንቅላቱ ገና ትኩስ ሊሆን ይችላል። ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ የዋለ ደግሞ ዝም ያለ ሥራ ይናፍቃል።

አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1909 በርን ከተማ በሚገኘው የስዊዘርላንድ የፓተንት ቢሮ ተቀጣሪ ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል። ፊዚክስን የቀየሩትን የ1905 ጽሑፎቹን ያወጣው እዚያ እያለ ነው። እርግጥ ማናችንም አንስታይን አይደለንም፤ ይህ ምሳሌ «አንተስ ለምን አቃተህ?» እያሉ ሰው ለመውቀስ አይሆንም። የሚጠቅመን ነጥብ ሌላ ነው፤ ቢሮው ቋሚ ደመወዝ ይሰጠው ነበር፣ ጭንቅላቱን ግን ጨርሶ አይወስድበትም።

ሥራችሁ ሁሉንም የሚወስድ ከሆነ ከመልቀቅ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። ክፍል መቀየር፣ ፈረቃ መቀየር፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ከቤት መሥራት፣ በፈቃደኝነት የምትሸከሙትን ተጨማሪ ኃላፊነት ማራገፍ። የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል። ማንም ሳያዝዛችሁ የያዛችሁትን ጓዝ ቁጠሩት።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ከካላንደር ላይ አውጡት

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን ስምንት ሰዓት ብትተኙ 56 ይሄዳል። ሥራና መንገድ 50 ይውሰድ። ለቤት፣ ለልጅ፣ ለምግብ፣ ለዘመድ 30 እንመድብ። 32 ይተርፋል። «እኔ ጋ አይተርፍም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ትንሽ ልጅ ያላት እናት ወይም የታመመ ሰው የሚያስታምም ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ለአብዛኛው ሰው ግን ሰዓቱ አለ፤ የተበጣጠሰና ስልክ ላይ የሚያልቅ ሆኖ ነው።

ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ብቻ ውሰዱ። ለመጀመሪያው ወር ከዚያ አትለፉ። ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ወይም ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት። ከመተኛ ሰዓት ላይ ግን አትስረቁ፤ ለጥቂት ሳምንት ያስኬዳል፣ ከዚያ ሁለቱም ሥራ ይበላሻል።

አንቶኒ ትሮሎፕ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1867 የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሥራ ሳይገባ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። በሕይወት ዘመኑ 47 ልብ ወለድ ጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፦ በጊዜ እንዲቀሰቅሰው ለአሽከሩ በዓመት አምስት ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። ራሱን አላመነም። ይህ ብልህነት ነው። እናንተም በጉጉታችሁ ላይ አትመኩ፤ የሚቀሰቅስ ሰው፣ የሚጠብቅ ጓደኛ ወይም ቀድሞ የተከፈለበት ትምህርት ይኑር።

ሰዓቱን ስትወስኑ ሦስት ነገር አብራችሁ ወስኑ፦ መቼ፣ የት፣ ከምን ቀጥሎ። «በሳምንቱ ውስጥ እጽፋለሁ» ብሎ የፈጸመ ሰው ጥቂት ነው። «ሰኞና ረቡዕ ልጆቹ እንደተኙ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ» ሲባል ነገሩ ይቀየራል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ለረጅም ዓመታት አጥንቶታል፤ ቦታና ጊዜ የተቆረጠለት እቅድ ከባዶ ምኞት የተሻለ ይፈጸማል።

ሌላው ራስ ምታት ከሥራ ወደ ሥራ መሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሶፊ ሌሮይ ባሳተመችው ጥናት፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ትተን ወደ ሌላ ስንሄድ ትኩረታችን ከፊሉ እዚያው እንደሚቀር አሳይታለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ወስዳችሁ የቀረውን ሥራና ነገ ከየት እንደምትጀምሩ ጻፉ። የሕልም ሥራችሁንም ስታቆሙ እንዲሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ ገጽ ላይ ማፍጠጥ ይቀራል።

ልማድ እስኪሆን ታገሡ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት አንድ ድርጊት ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ማክሰኞ ካመለጣችሁ ሐሙስ ቀጥሉ። ማካካሻ ብላችሁ ቅዳሜን ሙሉ አታርዱት።

ደረጃ 5፦ ከቤት ሰው ጋር ተነጋገሩ

የምትወስዱት ሰዓት የእናንተ ብቻ አይደለም። ባለቤታችሁ፣ ልጆቻችሁ ወይም እናታችሁ የሚሰጧችሁ ነው። ተደብቆ የተወሰደ ሰዓት ኋላ ጭቅጭቅ ሆኖ ይመለሳል።

ስትጠይቁ ልክ ያለው ነገር ጠይቁ። «ሕልሜን ደግፉኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሰሚው አይገባም። «እስከ ስድስት ወር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ልወስድ፤ በምትኩ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ የእኔ ናቸው» ሲባል ይገባል። ገንዘብም የሚወጣ ከሆነ ጣሪያውን ተስማሙ። ጣሪያው ሲነካ ተመልሳችሁ ተነጋገሩ። ቃል የገባችሁትን የቅዳሜ ጠዋት ካልጠበቃችሁ ደግሞ የማክሰኞዋ ማታ ዕድሜ አጭር ነው።

ደረጃ 6፦ የቅጥር ውላችሁን አንብቡ

አሰልቺ ቢሆንም አትዝለሉት። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ጎን ለጎን መሥራት ይከለክላል ወይ? ከቀጣሪያችሁ ጋር መወዳደርን ይከለክላል ወይ? ተቀጣሪ ሆናችሁ የፈጠራችሁት ነገር ባለቤቱ ማነው?

ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር ሲሠራ የሂውሌት ፓካርድ ተቀጣሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ንድፉን መጀመሪያ ያቀረበው ለቀጣሪው ነው። ድርጅቱ አልፈልግም አለ። ያ እምቢታ ለዎዝኒያክ መንገዱን ጠረገለት።

የቢሮ ላፕቶፕ፣ የቢሮ ኢሜይልና የቢሮ ሰዓት ለግል ሥራችሁ አትጠቀሙ። ገቢ መምጣት ሲጀምር ግብሩንም በጊዜው አሳውቁ።

ደረጃ 7፦ በትንሹ ሽጡ፣ ሁሉንም ግን አትሽጡ

ሕልማችሁ ገቢ እንዲያመጣ ካሰባችሁ ቶሎ ሞክሩት። ቢሮ መከራየት፣ አርማ ማሠራት፣ ቢዝነስ ካርድ ማተም ይቆይ። መጀመሪያ አንድ የማያውቃችሁ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ይግዛችሁ። ጓደኛና ዘመድ «በርታ» ብሎ ይገዛል፤ ለሞራል ጥሩ ነው፣ ገበያ መኖሩን ግን አይነግራችሁም። ገዢው ተመልሶ ከመጣ ወይም ሌላ ሰው ካመጣ አንድ ነገር አላችሁ ማለት ነው። ለአንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁም መዝግቡ። ብዙ ጀማሪ ዋጋ ሲተምን የዕቃውን ወጪ አስልቶ የራሱን ሰዓት በነፃ ይሰጣል። ይህ በጎን ሲሠራ አይታወቅም፤ ሙሉ ጊዜ ሲገቡበት ነው የሚያንቅ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ከገበያው በላይ ያሳስበኛል። የሚወዱትን ነገር ለገንዘብ መሥራት ሲጀመር ፍቅሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል በሚወዱ ትንንሽ ልጆች ላይ ጥናት አድርገው ነበር። «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» የተባሉት ልጆች፣ ኋላ ላይ በነፃነት ሲተዉ ከሌሎቹ ያነሰ ሣሉ። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። አዋቂ ሰው ሕፃን አይደለም፤ ኪራይም ሽልማት አይደለም። ቢሆንም ነገሩን በየሙያው ታዩታላችሁ። ለደስታው ይዘፍን የነበረው ሰው የሰርግ ዘፈን ብቻ ሲዘፍን ከርሞ ቤቱ ጊታሩን አይነካም።

ስለዚህ መስመር አስምሩ። የሚሸጠውንና የማይሸጠውን ለዩ። ሠዓሊ ከሆናችሁ የሰው ምስል በትዕዛዝ ሥሩ፤ የራሳችሁን ሸራ ግን ደንበኛ አይዘዘው። ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ለደንበኛ የምትሠሩት አለ፣ ለራሳችሁ የምትሞክሩት አለ። አንዳንዱ ሕልም ደግሞ ጭራሽ ባይሸጥ ይሻላል። ግጥም የሚጽፍ ሰው የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ቢኖርና ግጥሙን ማንም ባይገዛው፣ ማንን ደስ ለማሰኘት ሳይጨነቅ ይጽፋል። ይህም ሙሉ ኑሮ ነው።

ደረጃ 8፦ መቼ መልቀቅ?

አንዳንዶች አይለቁም፤ አያስፈልጋቸውምም። ለመልቀቅ የምታስቡ ግን ስሜታችሁ በረጋ ጊዜ መስፈርቱን ጻፉ። ከአለቃ ጋር በተጋጫችሁበት ቀን አትወስኑ። እኔ የምመክረው መስፈርት ይህ ነው፦

የጎን ገቢው ለስድስት ተከታታይ ወራት የኑሮ ወለላችሁን ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ሸፍኗል። ከመጠባበቂያው ሌላ ከስድስት እስከ 12 ወር የሚያኖር ገንዘብ አለ። ዕዳው ተቃልሏል። ሥራው እንዳያድግ ያገደው ደግሞ የእናንተ ሰዓት ማነስ ነው።

የመጨረሻውን በደንብ አስቡበት። ደንበኛ እየመጣ ሰዓት አጥታችሁ የምትመልሱ ከሆነ፣ መልቀቅ ያሳድገዋል። ደንበኛ ከሌለ ግን ስምንት ሰዓት ብትጨምሩለት የምታተርፉት የስምንት ሰዓት ጭንቀት ነው።

ቀስ ብሎ መግባት ፍርሃት የሚመስለው አለ። ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ሥራቸውን ይዘው ንግድ ጀምረው ኋላ ሙሉ ጊዜ የገቡበት ሰዎች፣ በአንዴ ዘለው ከገቡት ይልቅ የመክሰር ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ፊል ናይት ኋላ ናይኪ የተባለውን ኩባንያ ከአሠልጣኙ ከቢል ቦወርማን ጋር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሙሉ ጊዜውን የሰጠው ግን በ1969። በመሃሉ በሒሳብ ባለሙያነት ይሠራ ነበር፤ ሒሳብም ያስተምር ነበር።

ከ«ሙሉ በሙሉ» እና «ምንም» መሃል ያለውንም ፈትሹ። የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ በኮንትራት መሥራት። ሌላም መንገድ አለ፦ ለሕልሙ የሚቀርብ የእንጀራ ሥራ። ባለቅኔው ቲ. ኤስ. ኤልየት እ.ኤ.አ. ከ1917 እስከ 1925 የባንክ ሠራተኛ ነበር። ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተን ከባንኩ እናውጣው ብለው ተነሥተው ነበር፤ እሱ አልተመቸውም። በስተመጨረሻ ባንኩን ሲለቅ የሄደው ወደ ሌላ ቅጥር ነው፤ መጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ።

ደረጃ 9፦ በየሦስት ወሩ ፈትሹ

አንድ ሰዓት ይበቃል። ካላንደሩንና የወጪ መዝገቡን ፊታችሁ አድርጉ። የመደባችሁትን ሰዓት ምን ያህሉን ሠራችሁበት? ምን አለቀ? ቤት ውስጥ ማን ከፋው? እንቅልፋችሁስ? ከግማሽ በታች ከሆነ እቅዱን አሳንሱት፤ ስድስቱን ሰዓት ሦስት አድርጉት።

ሕልም የሚቆምበት ወቅትም አለ። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲጠፋ። ያን ጊዜ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብቻ አስቀሩ፤ የጀመራችሁትን ከፍቶ ማየት፣ አንድ ገጽ ማንበብ። የምትመለሱበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ። ቀኑ ደርሶ ካልቻላችሁ አዲስ ቀን ጻፉ።

የለቀቃችሁ ደግሞ መመለሻውን አታፍርሱ። በማስጠንቀቂያ ጊዜ ሥራውን በጽሑፍ አስረክቡ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያዙ፣ የሙያ ፈቃድ ካላችሁ አሳድሱት። ከቀድሞ ባልደረቦች ጋር ስልክ ተደዋወሉ። የያዛችሁት ገንዘብ የሦስት ወር ሲቀረው ሥራ ማፈላለግ ጀምሩ፤ ካለቀ በኋላ ስትፈልጉ የተገኘውን ሁሉ ትወስዳላችሁ፣ ያ ደግሞ ለሕልሙ ሰዓት የማይተርፍበት ሥራ ሊሆን ይችላል።